ሽማግሌ የበዛበት ደጅ

በአገራችን ልማድ፣ በመልኳም በምግባሯም የተመሰገነች ልጅ ያለችበት ቤት ደጁ ከሽማግሌ አይለይም። ሽማግሌዎቹ ማለዳ ይመጣሉ፤ «ቤቶች!» ይላሉ፤ ግቡ ሲባሉ ደግሞ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ያንገራግራሉ። ከዚያም ነገሩን ከሩቅ አምጥተው፣ ዘር ቆጥረው፣ ምሳሌ ደርድረው «ልጃችሁን ለልጃችን» ይላሉ። አባት ቀጠሮ ይሰጣል። እናት ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች። ጥሎሹ ይገመታል፤ የድግሱ ወጪ ይሰላል። በዚህ ሁሉ ንግግር መካከል ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሳይጠየቅ ይቀራል። እርሷም ልጅቷ ናት።

የአሜሪካን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ልማድ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። በዚያም አገር ቁመቱ ሁለት ሜትር ያለፈ፣ እጁ ኳስ የለመደ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ደጁ አያርፍም። ሽማግሌዎቹ አሠልጣኞች ናቸው፤ ተጠያቂዎቹ እናቶች ናቸው፤ ድግሱም የሚደገሰው በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ነው። እነርሱ ነገሩን «ምልመላ» ይሉታል።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነ አንባቢ «ቅርጫት ኳስ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ሊል ይችላል። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከኳሱ ይልቅ ሰዎቹን አያለሁ። ድሀ እናት አለች፤ ጣፋጭ አንደበት ያለው እንግዳ አለ፤ በጽሑፍ የሰፈረ ቃልና በጠረጴዛ ሥር የሚያልፍ ገንዘብ አለ፤ ከሁሉም በላይ ሁሉ ስለ እርሱ ሲናገር እርሱ ግን ዝም ያለ ልጅ አለ። ልቦለድ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሥርዓቱን በአጭሩ እንወቅ። በአሜሪካ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የቅርጫት ኳስ ቡድን አላቸው። ጨዋታው አዳራሽ ይሞላል፤ በቴሌቪዥን ይሸጣል፤ የትምህርት ቤቱን ስም ያስጠራል። ለማሸነፍ ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚወጣውን ምርጥ ልጅ ከሌላው ቀድሞ ማግኘት ያስፈልጋል። የኮሌጆቹ ብሔራዊ የስፖርት ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.፣ ለረጅም ዘመን ያጸናው ሕግ ተጫዋቹ «አማተር» ነው፣ ደመወዝ አይከፈለውም የሚል ነበር። ሊሰጠው የሚችለው ነፃ ትምህርት፣ ማደሪያና ምግብ ነበር። ገንዘብ ከተከለከለ ፉክክሩ በአንደበት ሆነ፤ አንደበት ባልበቃበት ቦታ ደግሞ በስውር ጥሎሽ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

፩

ከታላላቆቹ ፉክክሮች አንዱ የዊልት ቻምበርሊን ነው። ዊልት በ1936 በፊላዴልፊያ ተወለደ። በኦቨርብሩክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በ1955 በአንድ ጨዋታ ብቻውን 90 ነጥብ አስቆጠረ። ከሁለት መቶ በላይ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ፈለጉት። ፕሮፌሽናሎቹም አልተኙም። በ1954 የትምህርት ዕረፍት ልጁ በኒውዮርክ ግዛት በካትስኪል ተራሮች በሚገኝ የመዝናኛ ሆቴል በሻንጣ ተሸካሚነት ይሠራ ነበር፤ የቦስተን ሴልቲክሱ አሠልጣኝ ሬድ አወርባክ እዚያ አግኝቶት ኮሌጅ ስትገባ ወደ እኛ አካባቢ ና ብሎ ጎተጎተው። በጊዜው ደንብ አንድ የፕሮፌሽናል ቡድን በአካባቢው ኮሌጅ የተማረን ተጫዋች ቅድሚያ የመውሰድ መብት ነበረውና። የፊላዴልፊያው ቡድን ባለቤት ኤዲ ጎትሊብ ግን ብልጥ ነበር። «ልጁ የከተማችን ልጅ ነው» ብሎ በ1955፣ ዊልት ገና ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ፣ የወደፊት መብቱን አስመዘገበ። ልጁ ኮሌጅ ሳይረግጥ ከአራት ዓመት በኋላ የማን እንደሚሆን ተጽፎ አደረ።

ኮሌጁን በተመለከተ ያሸነፈው ካንሳስ ነበር። የካንሳሱ አሠልጣኝ ፎግ አለን ዕድሜው ወደ ሰባ የተጠጋ ሰው ነበር። መምህሩ ደግሞ ጄምስ ኔይስሚዝ ነበር፤ በታኅሣሥ 1891 በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሁለት የፍራፍሬ ቅርጫቶች ሰቅሎ ይህን ጨዋታ የፈጠረው ሰው ራሱ። ኔይስሚዝ በኋላ ካንሳስ ሄዶ ቡድኑን ሲያሠለጥን ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጥ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው አሠልጣኝም እርሱ ብቻ ነው። ፈጣሪው ጨዋታውን ለተማሪዎች ሰውነት ማፍታቻ እንጂ ለፉክክር አላሰበውም ነበር። ደቀ መዝሙሩ አለን ግን ማሸነፍ ይወድ ነበር፤ በ1952 ብሔራዊውን ዋንጫ ወስዷል።

አለን አማላጅ መምረጥ ያውቅ ነበር። ልጁ ጥቁር መሆኑን፣ ካንሳስም ለጥቁር ልጅ የተመቸ አገር አለመሆኑን አልዘነጋም። ስለዚህ የጥቁሮች ጋዜጣ የነበረውን የ«ካንሳስ ሲቲ ኮል» አዘጋጅ ዳውዳል ዴቪስን፣ ነጋዴውን ሎይድ ከርፎርድን፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረችውን ዘፋኝ ኤታ ሞተንን በልመናው አሰለፈ። የካንሳስ ነገር ለዚህ ልጅ ከኳስ በላይ ትርጉም አለው፣ ለወገንህም በር ትከፍታለህ የሚል መልእክት ይዘው ሄዱ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ሕፃናትን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ነው ያለው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በግንቦት 1954 ነበር፤ ክርክሩ የተነሣበት የቶፒካ ከተማም ከዩኒቨርሲቲው ብዙም አይርቅም።

ልጁ እሺ አለ። ወደ ካንሳስ ሲገባ የተቀበለው ግን ሌላ ነገር ነው። በመንገድ ላይ በአንድ ምግብ ቤት ከእንግዶች ጋር ተቀምጦ መብላት እንደማይችል ተነገረው። ዊልት ተቆጣ፤ በኋላም እንደተረከው በአካባቢው ወደሚገኙ ምግብ ቤቶች እየገባ እስኪያስተናግዱት ድረስ ይቀመጥ ጀመር። ሽማግሌዎቹ በጣፋጭ ቃል የገቡለትን በር በራሱ ትከሻ ገፍቶ መክፈት ነበረበት።

በዚያ ዘመን የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን መሰለፍ አይችልም ነበር። ስለዚህ በ1955 መጨረሻ የአንደኛ ዓመት ልጆች ከዋናው ቡድን ጋር ተጋጠሙ፤ ዊልት 42 ነጥብ አስቆጥሮ ታናናሾቹ ታላላቆቹን 81 ለ71 ረቱ። አለን የደከመበትን ፍሬ ሊበላ ሲል ግን ሰባ ዓመት ሞላው፤ የዩኒቨርሲቲው ደንብም በ1956 በጡረታ አሰናበተው። ለምኖ ያመጣውን ልጅ በዋናው ቡድን አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሠለጥን ሄደ። በ1957 የፍጻሜ ጨዋታ ካንሳስ ከሦስት ተጨማሪ ሰዓቶች በኋላ በኖርዝ ካሮላይና 54 ለ53 ተሸነፈ። ዊልት በ1958፣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ኮሌጁን ትቶ ሃርለም ግሎብትሮተርስ ከተባለው ተዘዋዋሪ ቡድን ጋር ተዋዋለ።

ጥሎሹስ? በ1960 ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ለዊልት በተሰጠ መኪና ምክንያት ዩኒቨርሲቲውን ቀጣ። ዊልት ራሱም በ1985 ተማሪ ሳለ ከደጋፊ ባለሀብቶች ወደ 4,000 ዶላር ገደማ መቀበሉን ተናገረ። አዳራሹን ለሞላ፣ ጡረታ የወጣውን አሠልጣኝ ስም ላስጠራ፣ ለከተማው ሆቴሎች ገበያ ላመጣ ልጅ አራት ሺሕ ዶላር! እርሱም በስውር፣ እንደ ሌባ።

፪

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ማውሳት ይገባል፤ ቃል የሚወድ ሰው ይህን ቢያልፍ ይቆጨዋልና። የአሜሪካ ኮሌጆች ተጫዋቾቻቸውን «ስቱደንት አትሌት» ይሏቸዋል፤ በእኛ ቋንቋ «ተማሪ ስፖርተኛ» እንበለው። ሲሰሙት ንጹሕ ቃል ነው። ትምህርቱ ቀድሞ ስፖርቱ ተከትሏል። የተወለደበትን ቤት ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ጊዜው የዊልት ዘመን፣ 1950ዎቹ ነው። በኮሎራዶ ግዛት አንድ የኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች በ1955 በጨዋታ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ሚስቱ ባሌ በሥራ ላይ ነው የሞተው፣ ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ካሣ ይሰጠኝ ብላ ከሰሰች። ኮሌጆቹ ደነገጡ። ተጫዋቹ ሠራተኛ ከተባለ ደመወዝ፣ ካሣ፣ ማኅበር ሊከተል ነው። ከ1951 እስከ 1987 ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.ን የመራው ዋልተር ባየርስ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉ የተፈጠረው ይህን አደጋ ለመከላከል እንደሆነ፣ በየደንቡና በየጽሑፉም እንዲገባ መደረጉን ገልጿል። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1957 ለሟች ሚስት ካሣ አይገባትም ብሎ ፈረደ።

እንግዲህ ቃል ጋሻ ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹን የሚያከብር የሚመስለው ስም የባልቴትን እንጀራ ለመከልከል የተመቸ ስም ነበር። ኋላም ሌላ ቃል ተሸረሸረ። «ነፃ የትምህርት ዕድል» ሲባል እናት የምትሰማው አራት ዓመት ነው። ከ1973 ጀምሮ ግን በማኅበሩ ደንብ ዕድሉ በየዓመቱ የሚታደስ ሆነ፤ ለብዙ ዓመት መስጠት እንደገና የተፈቀደው በ2010ዎቹ መጀመሪያ ነው። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ በሳሎን የተነገረው ተስፋ አራት ዓመት፣ በወረቀት የተፈረመው ውል ግን አንድ ዓመት ሊሆን ይችል ነበር።

፫

ከዊልት አሥር ዓመት በኋላ የኒውዮርኩ ሉዊስ አልሲንዶር መጣ፤ ኋላ ካሪም አብዱል ጀባር የተባለው። ፓወር ሜሞሪያል በተባለ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲጫወት ቡድኑ 71 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። አሠልጣኙ ጃክ ዶናሁ ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቀው። ጋዜጠኛ እንዳያነጋግረው ከለከለ፤ ከየኮሌጁ የሚጎርፈውን ጥያቄም ራሱ ያጣራ ነበር። ጠባቂ ማግኘት ደግ ነው። ነገር ግን ጠባቂውም ሰው ነው። ካሪም በኋላ እንደጻፈው፣ በአንድ ጨዋታ የዕረፍት ሰዓት አሠልጣኙ ሊያተጋው ብሎ ጥቁሮች የሚሰደቡበትን አስነዋሪ ቃል ተናገረው። ልጁ ጨዋታውን ቀጠለ፤ ቃሉን ግን አልረሳም። በ1965 ዶናሁ የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ አሠልጣኝ ሲሆን አልሲንዶር ኮሌጁን ሄዶ ጎበኘ፤ አልተከተለውም።

ይህ ልጅ ሰዎች ስለ ቁመቱ ሲያወሩ እርሱ ያነብ ነበር። በ1964 በሃርለም ለወጣቶች በተዘጋጀ ፕሮግራም ጋዜጠኝነት ተማረ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በሰጡት ጋዜጣዊ መግለጫም ላይ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ሃርለም በሁከት ስትናወጥ በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ኮሌጅ ሲመርጥ የጠየቀው ጥያቄ «ማን ያሸንፋል?» የሚል ብቻ አልነበረም። «እኔን የሚመስል ሰው በዚያ ቤት ሰው ሆኖ ኖሯልን?» የሚልም ነበር።

በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.) ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩት። ከቀድሞ ተማሪዎቹ አንዱ የኖቤል የሰላም ሽልማትን በ1950 የተቀበለው፣ በተማሪነቱ ለዩኒቨርሲቲው ቅርጫት ኳስ የተጫወተው ራልፍ በንች ነው። ሌላው በቤዝቦል የዘር አጥርን የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን ነው። ሁለቱም ለልጁ ደብዳቤ ጻፉለት። ሦስተኛው ሬፈር ጆንሰን ነው፤ የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈበት የ1960 የሮም ኦሊምፒክ በዴካትሎን ወርቅ የወሰደ፣ በዩኒቨርሲቲውም የተማሪዎች ፕሬዚዳንት የነበረ ጥቁር። ልጁ ይህን ሰው በቴሌቪዥን አይቶት ልቡ ተነክቷል። አሠልጣኙ ጆን ዉደን ደግሞ ሊያነጋግረው ሲቀመጥ ቀድሞ ያነሣው ስለ ኳስ ሳይሆን ስለ ትምህርት ውጤቱ ነበር።

በግንቦት 4 ቀን 1965 በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ውሳኔውን ለጋዜጠኞች አሳወቀ። ለዓመታት እንዳይናገር የተከለከለ ልጅ በመጀመሪያ የተናገረው ንግግር ወዴት እንደሚሄድ የሚገልጽ ነበር። በትውልድ ከተማው ያለው የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ አዘነ፤ በዚያ ይወደው የነበረው አሠልጣኝ ጆ ላፕቺክ በ65 ዓመቱ በግዴታ ጡረታ ወጥቶ ነበር። እነሆ የዕድሜ ደንብ ሁለተኛ ጊዜ በአንድ ልጅ ታሪክ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው በሰፊው የታወቀ ነው። በኅዳር 1965 ታናናሾቹ ታላላቆቹን 75 ለ60 አሸነፉ፤ አልሲንዶር 31 ነጥብ አስቆጠረ። በ1967፣ በ1968ና በ1969 ሦስት ዋንጫ በተከታታይ መጣ። በ1967 ኳሱን ከቅርጫቱ በላይ ሆኖ ቁልቁል መጨመር ወይም «ዳንክ» በኮሌጅ ጨዋታ ታገደ፤ ክልከላው እስከ 1976 ጸና። ብዙዎች ሕጉ ለእርሱ የወጣ ነው አሉ። አንድ ልጅ ለማግኘት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ይሻማሉ፤ ካገኘው አንዱ በቀር የቀሩት ደግሞ እጁን የሚያስር ሕግ ይሻሉ።

፬

የሞሰስ ማሎን ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ልብ ይነካል። ቦታው በቨርጂኒያ ግዛት ፒተርስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። አባት ልጁ ሕፃን ሳለ ጥሎ ሄዷል። እናቱ ሜሪ ከአምስተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ፣ በአንድ የምግብ መደብር ሥጋ እያሸገች ብቻዋን አሳደገችው። ልጁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ሁለት ዓመታት 50 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። በአሥራ አራት ዓመቱ የአገሩ ምርጥ ተጫዋች ለመሆን የተመኘውን ምኞት በወረቀት ጽፎ በመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ እንዳስቀመጠ ይነገራል። ሌሎች ስለ እርሱ ውል ከመጻፋቸው በፊት እርሱ ከፈጣሪው ጋር የራሱን ውል ጽፎ ነበር ማለት ነው።

በ1974 ከሦስት መቶ የሚበልጡ ኮሌጆች መጡ። አንዳንድ ረዳት አሠልጣኞች በከተማዋ ሞቴል ክፍል ተከራይተው ለሳምንታት ተቀመጡ። ሞሰስ በኋላ እንደተናገረው አንድ ዝነኛ የወንጌል ሰባኪ በስሙ ወደሚጠራው ዩኒቨርሲቲ ከመጣህልኝ የእናትህን የጨጓራ ቁስል በጸሎት እፈውሳለሁ ብሎታል። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይህን ዐረፍተ ነገር ደግመህ አንብበው! የእናት ሕመም እንኳ በምልመላው ገበያ ላይ ወጣ።

ሞሰስ ዝምተኛ ነበር። ሲናገርም ድምፁን ዋጥ አድርጎ በጉሮሮው ነው። ጎብኚዎቹ ይህን ዝምታ እንደ ሞኝነት ቆጠሩት። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ። ሦስት መቶ ሰው በየተራ ገብቶ የሚያምር ቃል በሚደረድርበት ቤት፣ ቃል ዋጋ ያጣል። በዚያ ቤት ብልህ ሰው ዝም ይላል።

በመጨረሻ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ከሌፍቲ ድሪዜል ጋር ተፈራረመ። ነገር ግን የትምህርት ዘመኑ መግቢያ ሲደርስ፣ በነሐሴ 1974፣ ዩታ ስታርስ የተባለ የፕሮፌሽናል ቡድን ሰዎች መጡ። እነዚህ እንግዶች የያዙት ደመወዝ ነበር፤ በግልጽ የተጻፈ፣ በስውር የማይሰጥ ገንዘብ። ድሪዜል ወደ ቤቱ ሄዶ ተከራከረ፤ የትምህርትን ጥቅም አስረዳ። ልጁ ፕሮፌሽናሎቹን መረጠ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ በመግባት በአዲሱ ዘመን ፈር ቀዳጅ ሆነ።

ብዙዎች ትምህርቱን ለገንዘብ ሸጠ ብለው ነቀፉት። ይህን ነቀፋ ከሰነዘሩት ስንቶቹ እናታቸው ሥጋ ስታሽግ አይተዋል? ሞሰስ በ1979፣ በ1982ና በ1983 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በ1983 ከፊላዴልፊያ ጋር ዋንጫ አነሣ። በ2015 ሲያርፍ ሞኝ ነው ያለው ሰው አልነበረም።

፭

በ1981 ተረኛው ፓትሪክ ዩዊንግ ነበር። በ1962 በጃማይካ ኪንግስተን ተወልዶ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ካምብሪጅ ከተማ መጣ። እናቱ ዶሮቲ በሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ምኞቷ ልጇ በዲግሪ እንዲመረቅ ነበር።

የልጁ የሁለተኛ ደረጃ አሠልጣኝ ማይክ ጃርቪስ ያደረገው ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ አዲስ ነው። ሌሎቹ አሠልጣኞች ምን ትሰጡናላችሁ ሲሉ፣ እርሱ ለኮሌጆቹ ደብዳቤ ጻፈ፦ ልጁ ከውጭ አገር የመጣ ስለሆነ በትምህርቱ እርዳታ ያስፈልገዋል፤ አስጠኚ ትመድቡለታላችሁ? የጊዜ ገደብ የሌለው ፈተና ትፈቅዱለታላችሁ? የክፍል ትምህርቱን በቴፕ እንዲቀዳ ትፈቅዳላችሁ? የሚል። ደብዳቤው ወደ ጋዜጦች ሾልኮ ወጣ፤ ሕዝቡም ልጁን መሳለቂያ አደረገው። በየአዳራሹ ዩዊንግ ማንበብ አይችልም የሚል ጽሑፍ ይዘው የሚቀመጡ ተመልካቾች መጡ።

ልጁ ከጎበኛቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ኖርዝ ካሮላይና ነበር። ልቡ ወዲያ አዘንብሎ እንደነበር፣ ነገር ግን በጉብኝቱ ጊዜ በአቅራቢያው የኩ ክለክስ ክላን ሰልፍ በመኖሩ እንደተወው በኋላ ተርኳል። በየካቲት 1981 በቦስተን በጠራው መግለጫ ጆርጅታውንን መምረጡን ነገረ። የጆርጅታውኑ አሠልጣኝ ጆን ቶምሰን ጥቁር፣ ራሱም ረጅም፣ የቀድሞ የሴልቲክስ ተጫዋች ነበር። በቢሮው አየሩ የወጣ ኳስ አስቀምጦ ለተጫዋቾቹ ያሳያቸው ነበር፤ ኳሱ አንድ ቀን አየሩ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ምን ይኖራችኋል? ለማለት። የተጫዋቾቹን ትምህርት የምትከታተል ሜሪ ፌንሎን የተባለች ባለሙያም ቀጥሮ በጨዋታ ጊዜ ከቡድኑ ጋር አግዳሚው ላይ ያስቀምጣት ነበር። ስለ ዩዊንግ አስነዋሪ ጽሑፍ ተሰቅሎ ባየ ጊዜ ደግሞ ጽሑፉ ካልወረደ አንጫወትም ብሎ ቡድኑን ከሜዳ አስወጥቷል።

ጆርጅታውን በ1984 ሂውስተንን 84 ለ75 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ፤ ቶምሰንም ይህን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሆነ። እናቱ ዶሮቲ ግን ይህን አላየችም፤ በ1983 ዐርፋለች። በሁለተኛ ዓመቱ ወይም በሦስተኛው ዓመቱ ትምህርቱን ቢያቋርጥ ፕሮፌሽናሎቹ በእቅፍ ይቀበሉት ነበር። አላቋረጠም። በ1985 በሥነ ጥበብ ዲግሪ ተመረቀ። ማንበብ አይችልም የተባለው ልጅ ለሙት እናቱ የገባውን ቃል ፈጽሞ ወጣ።

፮

እኔ በሥራዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ መዝገብ ገንዘብ ከአንድ ሒሳብ ሲወጣ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚጻፍ ነገር የለም። ይህን ታሪክ በዚህ ዓይን ስመረምረው የልጁ ዋጋ ሁልጊዜም እንደነበረ አያለሁ። ያልነበረው በልጁ ስም የተከፈተ ገጽ ነው። በ2010 ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የፍጻሜ ውድድሩን የቴሌቪዥን መብት ለ14 ዓመት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። በ2016 ደግሞ 8.8 ቢሊዮን ተጨምሮ ውሉ እስከ 2032 ተራዘመ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ተጫዋቹ አማተር ነበር።

ገጽ የሌለው ገንዘብ መንገዱን በጓዳ ያደርጋል። በመስከረም 2017 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ አሥር ሰዎች መያዛቸውን አስታወቀ፤ ከእነርሱ አራቱ ረዳት አሠልጣኞች ነበሩ። የጫማ ኩባንያ ሰዎች ልጆችን ወደሚፈልጉት ዩኒቨርሲቲ ለመሳብ ለቤተሰብ ገንዘብ ይሰጡ እንደነበር ተገለጸ። ከሁሉ የሚገርመው ክሱ የቆመበት ምክንያት ነው። በሕጉ ዓይን ተበዳዮቹ ልጆቹ አልነበሩም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ነበሩ። ደንብ የጣሰ ልጅ ሳያውቁ ነፃ ትምህርት በመስጠት ተታለዋል ተባለ። በጥቅምት 2018 ዳኞቹ ይህን ተቀብለው ሦስት ሰዎች ጥፋተኛ ናቸው አሉ።

ከዚያ ወዲህ ግንቡ በፍጥነት ፈረሰ። በሰኔ 2021 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዘጠኝ ድምፅ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ፣ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅሞችን መገደቡ የውድድር ሕግን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በሰኔ 2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ በር ከፈተ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ዊልት በስውር የተቀበለው አራት ሺሕ ዛሬ በግልጽ ይጠየቃል፣ በግልጽ ይሰጣል።

ይህ ደግ ነው፤ ፍትሕ በዘገየም ጊዜ ፍትሕ ነው። ነገር ግን ጥሎሹ በአደባባይ ስለ ተቆጠረ ልጅቷ ተጠየቀች ማለት አይደለም። ዛሬም ደጁ ላይ ሰልፍ አለ፤ እንዲያውም ወኪሉና ጠበቃው ተጨምረው ሰልፉ ረዝሟል። ከአራቱ ልጆች ታሪክ ያገኘሁት ትምህርት ገንዘቡ ይሰጥ አይሰጥ ከሚለው ክርክር ያለፈ ነው። ዊልትን በር ክፈት ብለው የጠሩት ሰዎች በሩ ላይ ብቻውን ተዉት። ሞሰስን ሦስት መቶ ሰው አነጋገረው፤ ያዳመጠው ስንቱ እንደሆነ እንጃ። አልሲንዶር ግን እርሱን የሚመስሉ ሰዎች ከፊቱ የሄዱበትን መንገድ አይቶ መረጠ። ለዩዊንግ ደግሞ አንድ መምህር በደጁ ለቆሙት ሁሉ ጥያቄ ጻፈላቸው፤ ልጁን ምን ትሰጠናለህ ከማለታችሁ በፊት እናንተ ምን ታስተምሩታላችሁ? አላቸው። ያ ደብዳቤ በጊዜው የተሳቀበት ነው። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ከተጻፉት የምልመላ ወረቀቶች መካከል ልጁን ለማግኘት ሳይሆን ስለ ልጁ ብቻ የተጻፈ እርሱ ይመስለኛል።

ጥሩ ሽማግሌ ማለት ልጃችሁን ስጡን የሚለው ብቻ አይደለም። ልጃችንን የት ልታኖሯት ነው ብሎ የሚጠይቀውም ሽማግሌ ነው። በየዘመኑ የመጀመሪያዎቹ ይበዛሉ፤ ሁለተኛው አንድ እንኳ ቢገኝ ለአንድ ልጅ ይበቃዋል።